እገዳው ሲጸና ቦቱ ምን ይበል?

በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ባን የተደረገ ሰው የሚገጥመው ነገር ይታወቃል። ትናንት ሲወያይበት ያመሸው ግሩፕ ዛሬ አልከፈት ይለዋል። ማን እንዳስወጣው፣ የትኛው ጽሑፉ እንዳስቀጣው፣ ቅጣቱ ለሳምንት ይሁን ለዘለቄታው የሚነግረው የለም። ውስጥ የቀሩት አባላትም መጉደሉን ካስተዋሉ «ራሱ ወጥቶ ይሆናል» ብለው ከመገመት ውጪ የሚያውቁት ነገር አይኖርም። ግሩፑ ተራ ወሬ ብቻ የሚወራበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ዛሬ ግን እድሮች መርዶ የሚነግሩት፣ ተማሪዎች የፈተና ማስታወሻ የሚለዋወጡት፣ ነጋዴዎች ዋጋ የሚጠያየቁት፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ሠራተኞች ስለ ደመወዝና ስለ ጉዞ ሰነድ የሚመካከሩት በእንዲህ ያሉ ግሩፖች ነው። ከዚያ በድንገት የወጣ ሰው ከሚያስፈልገው መረጃና ከሚያውቃቸው ሰዎች ተቆርጧል።

ይህን ዝምታ መስበር ለቴክኖሎጂው ከባድ አይደለም። አንድ ሰው ሲታገድ የመወያያ መድረኩ ድርጊቱን በቅጽበት ለቦቱ (በግሩፑ ውስጥ እንደ አባል ሆኖ ለሚሠራው አውቶማቲክ ፕሮግራም) ያስታውቃል፤ ቦቱ ያን ጊዜ የሚያደርገውን የሚወስነው አስቀድሞ የተጻፈለት አጭር ፕሮግራም፣ ማለትም ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱን ለመጻፍ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል። አስቸጋሪው በእነዚያ መስመሮች ምን ይታዘዝ የሚለው ነው። ቦቱ ዝም ይበል? ለግሩፑ ሁሉ ያውጅ? ያገደውን ሰው መልሶ ያግድ? የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ነው፦ ለእገዳ የሚሰጥ አውቶማቲክ ምላሽ ምክንያቱን ማሳወቅ፣ ማስረጃውን ማስቀመጥና የይግባኝ በር መክፈት አለበት፤ በቀልና የመጨረሻ ፍርድ ግን ለማሽን ሊሰጡ አይገባም። ወደዚህ መደምደሚያ የሚያደርሰን ከ30 ዓመት በላይ የተከማቸ ልምድ ነው። (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የበቀል ስክሪፕቶች ዘመን

ዛሬ በስልካችን የምንገለገልባቸው የውይይት ግሩፖች ሁሉ አባት አይአርሲ ይባላል። በኦገስት 1988 የሠራው በፊንላንድ የኦሉ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ያርኮ ኦይካሪነን ነው። በአይአርሲ ባዶ ቻናል፣ ማለትም የውይይት ክፍል፣ ውስጥ ቀድሞ የገባ ሰው ኦፕሬተር፣ በተጠቃሚዎቹ አጠራር «ኦፕ» ይሆናል። ኦፑ ሁለት የተለያዩ ሥልጣኖች አሉት። አንደኛው ኪክ ነው፤ ሰውየውን ያስወጣዋል እንጂ ተመልሶ እንዳይገባ አያደርገውም። ሁለተኛው ባን ነው፤ ሰውየው ደግሞ እንዳይገባ በሩን ይዘጋበታል። ባን የሚጻፈው ቅጽል ስምን፣ የተጠቃሚ መለያንና የተገናኙበትን አድራሻ በተርታ በያዘ ቅርጽ ሲሆን፣ ከሦስቱ በማናቸውም ቦታ «ማንም ይሁን» የሚል ትርጉም ያለው ኮከብ ማስገባት ይቻላል። አድራሻውን ብቻ ጽፎ ሌላውን በኮከብ የተወ ኦፕ፣ ከዚያ አድራሻ የሚመጣውን ሁሉ በምንም ስም ይምጣ አግዷል። *!*@* ብሎ የጻፈ ኦፕ ደግሞ በአምስት ምልክት የዓለምን ሕዝብ በሙሉ አግዷል።

ቻናሎቹ በመዝገብ የሰፈረ ባለቤት ስላልነበራቸው ሥልጣኑ የሚነጠቅ ነበር። አገልጋይ ኮምፒውተሮቹ ለጥቂት ጊዜ ሲለያዩ አንድ ሰው በተነጠለው ወገን ባዶ ሆኖ የቀረውን ቻናል ገብቶ ኦፕ ይሆናል፤ መስመሩ ሲገጣጠም ሥልጣኑን ይዞ ይመለስና ነባሮቹን ያባርራል። ሮቢ ፖይንተር በ1993 መጨረሻ የሠራው ኤግድሮፕ የተባለው ቦት ዝናውን ያገኘው ቻናልን ከእንዲህ ዓይነቱ ነጠቃ በመጠበቅ ነው። በ1995 ደግሞ ካሊድ ማርዳም-ቤይ ኤምአይአርሲ የተባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም አወጣ። የራሱ የስክሪፕት ቋንቋ ስላለው ማንኛውም ተጠቃሚ «በቻናሌ ባን ሲጻፍ ይህን አድርግ» ብሎ ማዘዝ ቻለ። በብዛት ከተሠራጩት ስክሪፕቶች አንዱ በግልጽ አማርኛ ሲነበብ እንዲህ ነው፦ የተጻፈው ባን ከእኔ አድራሻ ጋር ይገጥም እንደሆነ አረጋግጥ፤ ከገጠመ ባኑን አንሳ፤ የጻፈውን ሰው ኦፕነት ቀማ፤ አስወጣው፤ እሱኑ አግድ። አምስቱም እርምጃ ሰው አንዲት ቃል ጽፎ ሳይጨርስ ይፈጸማሉ።

ይህ ስክሪፕት ለያዘው ሰው መከላከያ ይመስላል። ሁለት ኦፖች ሲይዙት ግን የጠቡ መነሻ ይረሳና የሚቀረው የማን መስመር ይፈጥናል የሚለው ብቻ ይሆናል። ኮከብ ያበዛ ጀማሪ ኦፕ ለአንድ ረባሽ ያሰበው ባን የባልደረባውን አድራሻ ሳያውቅ ይነካል፤ የባልደረባው ስክሪፕትም ስህተትን ከክህደት ለይቶ አያውቅምና ጀማሪውን ከቻናሉ ይወረውረዋል። ለማብራራት የሚበቃ አንድ ደቂቃ እንኳ አይገኝም። የመጀመሪያው ትምህርት ከዚህ ይመነጫል፦ ምላሹ ቅጣት ከሆነና ቅጣቱ ከሰው ማሰቢያ ጊዜ ከፈጠነ፣ ስህተት የሚታረምበት ዕድል አይኖርም።

የሚገርመው፣ የአይአርሲ ንድፍ አውጪዎች የዚህ አደጋ ሥር ቀድሞ ታይቷቸዋል። በሜይ 1993 በኦይካሪነንና በዳረን ሪድ ስም የወጣው የአይአርሲ ይፋዊ ሰነድ ሁለት ዓይነት መልእክት ይደነግጋል፤ አንዱ ተራ መልእክት ነው፣ ሌላው ኖቲስ ወይም ማስታወቂያ ይባላል። በይዘት አይለያዩም። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ ለኖቲስ በምንም ዓይነት አውቶማቲክ መልስ እንዳይሰጥ ሰነዱ ይከለክላል። ምክንያቱም ሁለት ፕሮግራሞች አንዱ ለሌላው እየመለሱ ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ እንዳይገቡ ነው። ይህች አጭር ድንጋጌ ትልቅ ሐሳብ ይዛለች። ማሽን እንዲያሳውቅ ተፈቅዶለታል፤ ማሳወቂያው ግን ሌላ ማሽን የሚነሳበት ቀስቅሴ መሆን የለበትም፤ ቀጣዩ እርምጃ የሰው ነው። የበቀል ስክሪፕት ጸሐፊዎች የዘነጉት ይህንኑ ነው።

ዛሬ ያሉት መድረኮች የሚሰጡትና የሚነፍጉት

ቴሌግራም ለቦት ሠሪዎች በሩን የከፈተው በጁን 2015 ነው። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባል ሊይዝ ስለሚችል ትልልቆቹን በሰው ዓይን ብቻ መጠበቅ የማይታሰብ ነው። አባል ሲታገድ ቴሌግራም የአባልነት ለውጡን ለቦቱ ይልካል፤ ነገር ግን ቦቱ አድሚን መሆን፣ ሠሪውም ይህን ዓይነቱን ማሳወቂያ እንደሚፈልግ ለይቶ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ አይላክለትም፤ ብዙ ጀማሪዎች «ቦቴ ባኑን አያይም» ብለው የሚቸገሩት በዚህ ነው። የሚላከው መረጃ ማን እንደታገደና እገዳው መቼ እንደሚያበቃ ይዟል። የምክንያት ቦታ ግን የለውም። አድሚኖች የሚያዩት የቅርብ ድርጊቶች መዝገብም የሚይዘው ያለፉትን 48 ሰዓታት ብቻ ነው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን «ለምን ታገድኩ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቅን አድሚን እንኳ አመሳክሮ የሚመልስበት መዝገብ አያገኝም። ምክንያቱን የሚያስጽፍና የሚያስቀምጥ ስክሪፕት ከሌለ ፍርዱ ያለ መዝገብ የተሰጠ ፍርድ ነው።

ጊዜን በሚመለከት ደግሞ አንድ አደገኛ ጉድጓድ አለ። ቴሌግራም እገዳው የሚያበቃበትን ጊዜ የሚቀበለው ከጃኑዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ ነው። ማብቂያው ከአሁኑ ሰዓት ከ30 ሰከንድ በታች ወይም ከ366 ቀን በላይ የራቀ ከሆነ እገዳው የዘለዓለም ተደርጎ ይወሰዳል። አሁን አንድ ጀማሪ አባሉን ለአንድ ሰዓት ለማገድ አስቦ፣ የአሁኑን ጊዜ ሳይደምርበት፣ 3600 ሰከንድ ብሎ ጻፈ እንበል። ለቴሌግራም ይህ ቁጥር 1970 ዓመቱ በገባ በመጀመሪያው ሰዓት ማለት ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ ድሮ አልፏል። የአንድ ሰዓት ተግሣጽ ዕድሜ ልክ ይሆናል። ትእዛዙ ተቀባይነት ስላገኘ የስህተት መልእክት አይመጣም፤ አድሚኑ ሰውየው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሳል ብሎ ይጠብቃል፣ ሰውየው ለዘለዓለም እንደተጠላ ያስባል። ቦቱ «እገዳው የሚያበቃው በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ነው» ብሎ እንዲጽፍ ቢታዘዝ ኖሮ ጥፋቱ በዚያው ቅጽበት ይገለጥ ነበር። ማሳወቅ የታጋጁ መብት ከመሆኑ በተጨማሪ ስክሪፕቱ ራሱ የሚፈተንበት መንገድ ነው።

በጨዋታ ወዳጆችና በፕሮግራመሮች ዘንድ የታወቀው ዲስኮርድ ለምክንያት ቦታ ሰጥቷል፤ አጋጁ የሚጽፈው ምክንያት ግን የሚገባው ኃላፊዎች ወደሚያዩት መዝገብ እንጂ ወደ ታጋጁ አይደለም። እገዳው ሲፈጸም የሰውየውን እስከ ሰባት ቀን የሚደርሱ መልእክቶች አብሮ መሰረዝም ይቻላል። ይህ የተለጠፈ ቆሻሻን ለማጽዳት ይጠቅማል፤ ማስረጃውንም አብሮ ያጠፋል። በተጨማሪም ቦቱና ሰውየው የሚጋሩት ሌላ ሰርቨር (ዲስኮርድ ግሩፕን የሚጠራበት ስም) ከሌለ፣ ሰውየው ከወጣ በኋላ ቦቱ በግል ሊጽፍለት አይችልም። ስለዚህ በዲስኮርድ የስክሪፕቱ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ መልእክቶቹን ቅዳ፣ ቀጥለህ ለሰውየው ጻፍ፣ በመጨረሻ አግድ። በቀጥታ ሥርጭት የታወቀው ትዊች የተሻለ ልማድ አለው። ከቻት በጊዜያዊነት ማገድን እስከ 14 ቀን ይፈቅዳል፤ የታገደ ተመልካች እገዳው እንዲነሳለት በጽሑፍ የሚያመለክትበትና ኃላፊዎች አይተው የሚወስኑበት መስኮትም አዘጋጅቷል። የትዊች ቻት ዛሬም ከቦቶች ጋር በአይአርሲ ቋንቋ መነጋገር ይችላል። የበቀል ስክሪፕት ባበቀለው መሬት ላይ ይግባኝን መትከል እንደሚቻል ይህ ማስረጃ ነው።

ማብራሪያ ጠባይ ይለውጣል?

«ለባለጌ ማብራሪያ ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልስ ለመስጠት የሞከሩ ጥናቶች አሉ። ሻጉን ዣቨርና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት ሬዲት በተባለው የውይይት መድረክ ላይ የጻፉት የተነሳባቸውን 907 ሰዎች ጠይቀዋል። ከመካከላቸው 37 በመቶዎቹ ጽሑፋቸው ለምን እንደተነሳ አልገባቸውም ነበር፤ 29 በመቶዎቹ መበሳጨታቸውን ገልጸዋል። ደንቡን ያነበቡትና ምክንያቱ የተነገራቸው ውሳኔውን ፍትሐዊ አድርገው የማየት ዝንባሌ ነበራቸው። በዚያው ዓመት በሰፊ የሬዲት መረጃ ላይ የሠሩት ሌላ ጥናት፣ ማብራሪያ መስጠት ወደፊት ጽሑፍ የመነሳት ዕድልን ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ለእኛ ጉዳይ ዋነኛው ግን ይህ ነው፦ በዚህ ረገድ በሰው የተጻፈ ማብራሪያ በቦት ከተላከው ጉልህ ብልጫ አልተገኘበትም። ጥናቶቹ የመረመሩት የጽሑፍ መነሳትን እንጂ ሰው መታገድን አይደለም፤ እገዳ የከበደ ቅጣት ስለሆነ ማብራሪያ ይበልጥ ያስፈልገዋል ብሎ ማሰብ ግን ምክንያታዊ ነው። ማሳወቅ ለቦት ሊተው የሚችል ሥራ መሆኑን ማስረጃው ይደግፋል።

መፍረድ ግን ሌላ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ብዙ ቦቶች የሚያግዱት የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ይዘው ነው። የአማርኛ ፊደል ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሆሄያት አሉት፤ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ በሁለቱ ጸዎችና «ሃ» ተብለው በሚነበቡት ስድስት ሆሄያት ምክንያት በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ብቻ ያስገባ አድሚን አሥራ አንዱን በር ክፍት ትቷል። በሌላ በኩል ቃላችን ከፊትና ከኋላ ቅጥያ ስለሚቀበል ማሽኑ ንጹሑን ሰው ይይዛል። «በግ» የሚለው ስድብ እንዲታገድ ያዘዘ ሰው «በግልጽ እንነጋገር» ያለውን፣ «በግል ጻፍልኝ» ያለውን፣ «በግድ አይሆንም» ያለውን ሁሉ ያስወጣል። «ሌባ» የሚለውን ያገደ ደግሞ «ሌቦች» ብሎ ብዙዎችን በአንዴ የሰደበውን አይይዘውም። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ሲጨመርበት ዝርዝሩ ማብቂያ የለውም። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ጥርጣሬን ለአድሚን ቢጠቁም ይጠቅማል፤ ሰውን ያለ ይግባኝ እንዲያባርር መፍቀድ ግን ግፍ ነው።

ማሽን የሚያየው ምልክትን እንጂ ሰውን አለመሆኑን የኳታር ጉዳይ ያስተምራል። በ2007 መባቻ ውክፔዲያ ላይ በተደጋጋሚ ጥፋት የተፈጸመበት አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ታገደ። ያን ጊዜ የኳታር ተጠቃሚዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በዚያው አንድ አድራሻ በኩል ነበር የሚገናኙት፤ ለአንድ አጥፊ የታሰበው እገዳ ያለ መለያ የሚጽፉትን የአንድ አገር ሰዎች ነካ። እገዳው የተነሳው ሰዎች ጉዳዩን ተረድተው ስላረሙት ነው። የሞባይል ኢንተርኔት አድራሻ በብዙ ደንበኞች በሚጋራበት በዛሬው ዘመን አድራሻን ብቻ አይቶ የሚያግድ ስክሪፕት ይህንኑ ስህተት በትንሹ በየቀኑ ሊደግመው ይችላል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ግሩፑ የእኔ ነው፤ ቤቴ የማስገባውና የማስወጣው ደስ እንዳለኝ ነው» የሚለው ነው። ለቤተሰብ ግሩፕ ይህ ትክክል ነው። ሺህ ሰዎችን ሰብስቦ «ሁሉም ይግባ» ያለ ግሩፕ ግን ከግል ቤት ይልቅ ወደ እድር ይቀርባል። እድር የአባላቱ የጋራ ነው፤ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ያጠፋ አባል ስንት ጊዜ እንደቀረ፣ ምን ያህል እንደሚቀጣ፣ መቼ እንደሚሰረዝ ይነገረዋል። የእድር ዳኛ አባሉን በሌሊት ከመዝገብ ሰርዞ ዝም አይልም፤ ቢል አባላቱ ይጠይቁታል። አድሚን ግሩፑን ስለመሠረተ ሊመሰገን ይገባል፤ የአባላቱ ልፋት ግሩፑን ግሩፕ እንዳደረገውም መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ቴክኒካዊ ነው፦ ምክንያቱን መንገር አጭበርባሪዎችን ማስተማር ነው፤ ምን እንደያዛቸው ካወቁ በሌላ መንገድ ይመጣሉ። ይህ እውነትነት አለው፤ መፍትሔውም ታውቋል። ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ መድረኮች ሲያግዱ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጹና አውቶማቲክ መሣሪያ ከተጠቀሙም እንዲናገሩ ያስገድዳል። በብዛት የሚረጭ አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ግን ከዚህ ግዴታ አውጥቶታል። ያው ሕግ ለቅሬታ የሚሰጥ ውሳኔ በአውቶማቲክ መሣሪያ ብቻ እንዳይወሰን ይከለክላል። ግዴታው የኩባንያዎች ነው፤ በፈቃዱ የሚያገለግልን አድሚን አይመለከትም። የተከተለው ልየታ ግን ለማንም ይሠራል። በደቂቃ መቶ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ቦት ሲታገድ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለሰው ደግሞ የተጣሰውን ደንብ መንገር ይበቃል፤ ማጣሪያው በየትኛው ፊደል እንደነቃ መንገር ግድ አይደለም።

ሦስተኛው «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። አድሚኖች ያለ ክፍያ የሚደክሙ ሰዎች ስለሆኑ ይህን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ስክሪፕት የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። አድሚኑ ከአምስት ወይም ከስድስት የደንብ ቁጥሮች አንዱን ይጫናል፤ ቀሪውን ደብዳቤ ቦቱ ይጽፋል፣ መዝገቡንም ይይዛል። በውስጥ መስመር የሚመጣው «ለምን?» የሚል ተደጋጋሚ ጥያቄም ይቀንስለታል።

አራተኛው ተቃውሞ ከስም ጋር የተያያዘ ነው፤ እገዳን ማሳወቅ ሰውን ማዋረድ ይሆናል ይባላል። በአደባባይ ከሆነ በእርግጥ ይሆናል። «እገሌ በስድብ ምክንያት ተባሯል» የሚል ማስታወቂያ ለሺህ ሰው የሚረጭ ቦት ከእገዳው የባሰ ሁለተኛ ቅጣት ጨምሯል፤ ሰውየው በይግባኝ ነፃ ቢወጣም ስሙ አይመለስም። ስለዚህ ምክንያቱ ለታጋጁ በግል ይላክ፤ ለግሩፑ ቢበዛ በወሩ ስንት ሰው በየትኛው ደንብ እንደታገደ ቁጥሩ ብቻ ይነገር። መዝገቡም ለዘለዓለም አይቀመጥ፤ የይግባኙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ይሰረዝ። በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላትና፣ የሰዎችን ስምና ጥፋት ዘርዝሮ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ማቀባበል እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም።

በመጨረሻ «ሰው ያዳላል፣ ማሽን አያዳላም፤ ፍርዱን ለማሽን ብንተው ይሻላል» የሚሉ አሉ። ስለ ሰው አድልዎ የሚሉት እውነት ነው፤ በዘርና በፖለቲካ በተከፋፈሉ ግሩፖቻችን ሁሉም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ማሽኑን የሚያዘው ዝርዝር በሰው የተጻፈ ነው። የአንዱን ወገን ስድብ ከልክሎ የሌላውን የዘነጋ ዝርዝር ያንኑ አድልዎ በፍጥነትና ያለ ድካም ይፈጽመዋል፤ የሚጠየቅ ሰውም አይገኝም። የአድልዎ መድኃኒት ውሳኔው በጽሑፍ መስፈሩና ሁለተኛ ሰው ሊመረምረው መቻሉ ነው። ቦቱ እዚህ ላይ እውነተኛ ውለታ ይሠራል፤ ይግባኙን ያገደው አድሚን ዘንድ ሳይሆን ሌላ አድሚን ዘንድ ያደርሰዋል።

ጥሩ ምላሽ ምን ይመስላል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቦቱ የሚልከው ደብዳቤ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከግሩፑ ለ7 ቀን ታግደዋል። ምክንያት፦ ደንብ ቁጥር 3፣ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ያለፈቃድ መለጠፍ። እገዳው የሚያበቃው ግንቦት 12 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። ውሳኔውን የሰጠው አድሚን ነው። ስህተት አለ ካሉ ይግባኝ የሚለውን ይጫኑ፤ ሌላ አድሚን በ3 ቀን ውስጥ አይቶ ይመልስልዎታል።» አንቱታው ባዶ ጨዋነት አይደለም፤ ማሽን የሚናገረው በማኅበረሰቡ ስም ስለሆነ ማኅበረሰቡ ለማያውቀው ሰው የሚሰጠውን ክብር ሊሰጥ ይገባዋል። ሰዓቱም ቢሆን ተጠንቅቆ መጻፍ ያለበት ነው፤ ኮምፒውተሩ 20:00 የሚለው ለአዲስ አበባ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላለው ዘመዱ ገና ቀትር አካባቢ ነው። የቴሌግራም ቦት ቀድሞ ላላናገረው ሰው በግል መጻፍ ስለማይችል፣ አባላት ሲገቡ ደንቡን ከቦቱ ዘንድ እንዲያነቡ ማድረግ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል፤ ደንቡም ይነበባል፣ የመልእክቱ መንገድም ይከፈታል። ስክሪፕቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ፈጽሞ አይግባ፤ አንዱ እገዳ ሌላ እገዳ የሚወልድበት ትእዛዝ።

ግሩፕ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ቦታችሁ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ለታገደው ሰው ግን በዚያች ሰዓት የመጨረሻ ሥልጣን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። የግሩፓችሁን ቦት ክፈቱና እገዳ ሲፈጸም ምን እንደሚል እዩ። ምንም የማይል ከሆነ ዛሬውኑ ሦስት ነገር ጨምሩበት፦ ምክንያቱን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ይግባኝ የሚባልበትን መንገድ። ይግባኙ ሲመጣም ራሳችሁ አንብቡት።